ጆ ማሎን፦ 44 ጎል በ20 ጨዋታ። ይህ ቁጥር እንዴት ነው የሚነበበው?

ድሮ_ስፖርት (ክር ከፋች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የጥንት የበረዶ ሆኪ ጎል አግቢዎችን ሰንጠረዥ በአማርኛ እያዘጋጀን ካናዳዊው ጆ ማሎን ላይ ስንደርስ ቁጥሮቹ አልገጥም አሉ። አንዱ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1917–18 ያገኘው 44 ነጥብ ነው ይላል፣ ሌላው 48። አንዱ በሕይወቱ 143 ጎል አገባ ሲል ሌላው ከ300 ያስበልጠዋል። በዚያ ላይ በአንድ የውድድር ዘመን በአማካይ በየጨዋታው 2.20 ጎል! ይህ የእውነት ችሎታ ነው ወይስ ዘመኑ ራሱ ጎል የሚዘንብበት ነበር? የምታውቁ አስረዱን። የእግር ኳስ ሰው እንዲገባው አድርጋችሁ ብትጽፉት ደግሞ ደስ ይለናል።

ቆጣሪው

በመጀመሪያ 44 ወይስ 48 የሚለውን እንጨርስ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የሚለያዩት በአሲስት፣ ማለትም ለጎል ባቀበለው ነው፤ ነጥብ በሆኪ የጎልና የአሲስት ድምር ነው። ኤንኤችኤል (ትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ) በመጀመሪያው ዓመቱ አሲስትን በይፋ አልመዘገበም፤ መመዝገብ የጀመረው በ1918–19 ነው። ኋላ ላይ የመጀመሪያው ዓመት ተመልሶ ሲቆጠር ለማሎን 4 አሲስት ተጻፈለት። 44 ሲደመር 4፣ 48። የቆዩ መጻሕፍት 44 ብለው ትተውታል። ጎሉ ግን በሁለቱም ወገን ያው 44 ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። የ1919–20ውም እንደዚያው ነው፤ አንዳንዱ 48 ነጥብ ይላል፣ አሁን ሊጉ የሚጠቀምበት 39 ጎልና 10 አሲስት፣ በድምሩ 49 ነው። ለሰንጠረዣችሁ ምክሬ፦ ለዚያ ዘመን የጎል ዓምድ ብቻ አውጡ፣ የነጥብ ዓምድ ይቅር። የአሲስት ቆጠራው ከከተማ ከተማ ይለያይ ስለነበር ሰውን ከሰው ለማወዳደር አይሆንም።

143 እና 322 ደግሞ የሁለት ሊግ ጉዳይ ናቸው። ኤንኤችኤል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1917 ሞንትሪያል፣ ዊንዘር ሆቴል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ኤንኤችኤ ይባላል። ማሎን በ1890 ኩቤክ ተወለደ፣ አዲሱ ሊግ ሲመሠረት 27 ዓመቱ ነው፤ ማለትም ከተጫዋችነት ዘመኑ ግማሹ አልፎ ነበር። በኤንኤችኤ 179፣ በኤንኤችኤል 143፣ ድምሩ 322። ይፋዊው ሊግ የሚቆጥረው የራሱን ብቻ ነው።

በየዓመቱ ይኸው፦

ኤንኤችኤ፣ ሁሉም ለኩቤክ
1910–11፦ 13 ጨዋታ፣ 9 ጎል
1911–12፦ 18 ጨዋታ፣ 21 ጎል
1912–13፦ 20 ጨዋታ፣ 43 ጎል
1913–14፦ 17 ጨዋታ፣ 24 ጎል
1914–15፦ 12 ጨዋታ፣ 16 ጎል
1915–16፦ 24 ጨዋታ፣ 25 ጎል
1916–17፦ 19 ጨዋታ፣ 41 ጎል

ኤንኤችኤል
1917–18፦ ካናዲየንስ (የሞንትሪያል ቡድን)፣ 20 ጨዋታ፣ 44 ጎል
1918–19፦ ካናዲየንስ፣ 8 ጨዋታ፣ 7 ጎል
1919–20፦ ኩቤክ፣ 24 ጨዋታ፣ 39 ጎል
1920–21፦ ሀሚልተን፣ 20 ጨዋታ፣ 28 ጎል
1921–22፦ ሀሚልተን፣ 24 ጨዋታ፣ 24 ጎል
1922–23፦ ካናዲየንስ፣ 20 ጨዋታ፣ 1 ጎል
1923–24፦ ካናዲየንስ፣ 10 ጨዋታ፣ 0

ይህ የመደበኛው ውድድር ብቻ ነው። የስታንሊ ዋንጫ (የሆኪ ትልቁ ዋንጫ) ጨዋታዎች ለብቻ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ በመጋቢት 1913 ኩቤክ የካናዳውን ሲድኒ 14 ለ 3 ሲያሸንፍ አምበሉ ማሎን ብቻውን 9 አገባ፤ እነዚያ 9 ጎሎች ከ43ቱ ውስጥ የሉም። 52 ብሎ የጻፈ ካያችሁ ሁለቱን ደምሮ ነው።

ብርዳሙ_ከተማ

እሺ ቁጥሩ ትክክል ነው እንበል። ግን በዚያ ዘመን እኮ በረኛ መንበርከክ አይፈቀድለትም ነበር! ቆሞ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ከወደቀ ይቀጣል። ዝቅ ያለ ምት ሁሉ ጎል ነው። እንደዚያ ከሆነ እግር ኳስ ላይ በረኛው እንዳይዘል ከልክሎ ኮከብ ጎል አግቢ መሸለም ማለት ነው። 44ን ያን ያህል ማክበር ይከብደኛል።

የመሀል_አጥቂ

@ብርዳሙ_ከተማ ወንድሜ፣ ሕጉ እውነት ነው፣ ጊዜውን ግን ልብ በል። ሊጉ የተጀመረው ታኅሣሥ 19 ቀን 1917 ነው። በረኛ መንበርከክና መውደቅ የተፈቀደለት ጥር 9 ቀን 1918 ነው፤ የኦታዋው ክሊንት ቤኔዲክት «ተንሸራተትኩ» እያለ ስላስቸገረ ዳኞች ተሰላችተው። ከመክፈቻው እስከዚያ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ውድድሩ እስከ መጋቢት ቀጥሏል።

አሁን ማሎንን እይ። በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ በአንድ ጨዋታ 5 አግብቷል፦ በመክፈቻው ቀን ኦታዋ ላይ፣ ጥር 12፣ የካቲት 2። ከሦስቱ ሁለቱ ሕጉ ከተቀየረ በኋላ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች አንድም ቀን ሳያገባ አልወጣም፣ 35 ጎል። ይህ ጉዞ በረኞቹ መውደቅ ከጀመሩ በኋላም አልተቋረጠም።

ደግሞ ሕጉ በአንድ በኩል ብቻ አልነበረም የሚጎትተው። በ1917–18 ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው። ጨርሶ! ፓኳን (በሆኪ እንደ ኳስ የምታገለግለውን ጠፍጣፋ ጎማ) ከያዘ ሰው ፊት የተገኘ የቡድኑ ልጅ ከጨዋታ ውጪ ነው፣ ልክ እንደ ራግቢ። ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚቀባበሉት። እግር ኳስ ላይ አስበው፦ አጥቂህ ተከላካዮች ጀርባ ገብቶ ረጅም ኳስ መጠበቅ አይችልም፤ ወይ ራሱ ይዞ አብዶ እየሠራ ያልፋል፣ ወይ ከጎኑ እኩል ከሚሮጥ ሰው ይቀበላል። ሜዳውን በሦስት የሚከፍሉት ሁለቱ ሰማያዊ መስመሮች የተሰመሩት በ1918–19 ነው፤ ያኔም ወደፊት ማቀበል የተፈቀደው በመስመሮቹ መካከል ባለው ቦታ ብቻ ነበር። በሜዳው ሁሉ እስኪፈቀድ 1929 ደርሷል። ስለዚህ ማሎን 44ቱን ያገባው ዛሬ አጥቂ በሚኖርበት ነገር ሳይሆን ዛሬ በሌለ ጨዋታ ነው።

ወለተ_ሆኪ

የመሀል አጥቂ ያልከው ላይ ልጨምር። «ፋንተም» ያሉት ለዚህ ነው፣ እንደ መንፈስ ሳይታይ ያልፋል ለማለት። ሲንሸራተት ቀጥ ብሎ ነው እንጂ አጎንብሶ አይደለም። ቀጥ ያለ ሰው አንገቱ አይቀበርም፣ ፓኳንም ተከላካዩንም አብሮ ያያል፣ አቅጣጫ ለመቀየርም ክብደቱን ማዘዋወር ይቀለዋል። ወደፊት ማቀበል በሌለበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አጎንብሶ በኃይል የሚሮጥ ሰው ተከላካዩ ፊት ሲደርስ ምርጫው ወይ መጋጨት ወይ መተኮስ ነው። ማሎን ሦስተኛ ምርጫ ነበረው። ጠበኛም አልነበረም። ያ ዘመን ደግሞ ዱላ የሚሰነዘርበት ዘመን ነው።

ሌላው የሚረሳው፦ በ1917–18 በቦታው አልተጫወተም። ኩቤክ አዲሱ ሊግ ሲጀመር ስላልተሳተፈ ተጫዋቾቹ ለሌሎቹ ቡድኖች ተከፋፈሉ፣ ማሎን ለካናዲየንስ ደረሰ። እዚያ መሀል ላይ ኒውዚ ላሎንድ አለ፤ ላሎንድን ከመሀል የሚያነሳ ደግሞ የለም። ስለዚህ ማሎን ወደ ግራ ክንፍ ወጣ፣ ዲዲየ ፒትር በቀኝ። 44ቱ በክንፍ የተቆጠሩ ናቸው።

ሒሳብ_ወዳጅ

ጥያቄው «2.20 የእውነት ነው ወይ?» ከሆነ ሦስት መንገድ አለ፤ ሁለቱ የተሳሳቱ ናቸው ግን ሰው የሚጠቀመው እነሱን ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት 2.20ን በ82 ማባዛት (በቅርብ ዓመታት አንድ ቡድን በውድድር ዘመን የተጫወተው ጨዋታ ነው)። 180 ጎል ይመጣል። ይህ ቀልድ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ለሁሉም ነገር መቀነስ። በ1917–18 አራቱ ቡድኖች በድምሩ 342 ጎል አገቡ። በእርግጥ የተጫወቱት ጨዋታ 34 ነው። ሰንጠረዡ ላይ 36 ታገኛላችሁ፤ ከአራቱ ቡድኖች የአንዱ፣ የዋንደረርስ አዳራሽ ጥር 2 ቀን ተቃጥሎ ቡድኑ ስለፈረሰ ሁለቱ ፎርፌ ናቸው፣ ጎል የላቸውም። 342 ለ34፣ በጨዋታ 10 ጎል ገደማ። ዛሬ 6 አካባቢ ነው። 2.20 ሲባዛ በ6 ሲካፈል ለ10፣ 1.32 ገደማ። በ82 ጨዋታ 108። አሁን ደግሞ የሜዳ ላይ ደቂቃ አለ፦ ያኔ ዋናዎቹ ተጫዋቾች 60ውን ደቂቃ በሙሉ ይጫወታሉ፣ ተቀያሪ የሚገባው ሰው ሲጎዳ ወይም ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። የዛሬ ምርጥ አጥቂ 20 ደቂቃ ይጫወታል። ለ3 ብታካፍሉት 36 ጎል ይሆናል። «አያችሁ፣ ተራ ተጫዋች ነበር» የሚሉት ይህንን ይዘው ነው። ግን 60 ደቂቃ የሚጫወት ሰው ጉልበቱን ይቆጥባል፤ በእያንዳንዱ ደቂቃ እንደ ዛሬው ሰው 45 ሰከንድ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ የሚወጣ አይደለም። ለ3 ማካፈል የድካሙን ቅጣት ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል።

ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ከቡድኑ ጎል ስንት እጁን አገባ የሚለው ነው። ዘመን ቢለያይም አይዋሽም። ካናዲየንስ 115 አገባ፣ ማሎን 44። 38 በመቶ። ሞሪስ ሪሻር በ1944–45 50 ጎል ሲያገባ ካናዲየንስ 228 ነበረው፣ 22 በመቶ። ዌይን ግሬትስኪ በ1981–82 92 ሲያገባ ኤድመንተን 417፣ ያውም 22 በመቶ።

ብርዳሙ_ከተማ

ሒሳብ ወዳጅ፣ እርስዎ ራስዎ 60 ደቂቃ ይጫወቱ ነበር ብለዋል። ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ድርሻው መብዛቱ አይቀርም። 38ን ከ22 ጋር ማስተያየት ያው ስሕተት አይደለም?

ሒሳብ_ወዳጅ

ልክ ነህ፣ ይህን መካድ አልችልም። እንግዲያውስ ከሪሻር ጋር ትተን ከዘመኑ ሰዎች ጋር እናስተያየው፤ እነሱም 60 ደቂቃ ነው የሚጫወቱት። በዚያው 1917–18 ሳይ ዴኔኒ በ20 ጨዋታ 36፣ ሬጅ ኖብል በ20 ጨዋታ 30። የዴኔኒ ኦታዋ 102 አገባ፣ ድርሻው 35 በመቶ። የኖብል ቶሮንቶ 108፣ ድርሻው 28። ማሎን ይመራል፣ ግን ዴኔኒ ሩቅ አይደለም። ላሎንድ ደግሞ በ14 ጨዋታ 23 አግብቷል፣ በጨዋታ 1.64፤ ማሎን በአንድ ቡድን ውስጥ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እየተካፈለ ነው 38 የያዘው።

አንድ የሚገርም ነገር። በ1912–13 ኩቤክ 112 አገባ፣ ማሎን 43። ያውም 38 በመቶ። በአምስት ዓመት ልዩነት፣ በሌላ ሊግ፣ በሌላ ቡድን፣ በሌላ ቦታ፣ ድርሻው ያው ሆነ።

ወለተ_ሆኪ

ሁላችሁም 44 ላይ ተጣብቃችኋል፤ የማሎን ትልቁ ዓመት ግን 1919–20 ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ኩቤክ በዚያ ዓመት ወደ ሊጉ ተመለሰ፣ ማሎንም ወደ ቀድሞ ቤቱ። ቡድኑ ከ24 ጨዋታ ያሸነፈው 4 ብቻ ነው። 91 አገባ፣ 177 ገባበት። መጋቢት 3 ካናዲየንስ እዚያው ኩቤክ ሄዶ 16 ለ 3 አሸነፋቸው፤ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 16 ያገባበት ሪከርድ እስካሁን አለ። በዚህ ቡድን ውስጥ ነው ማሎን 39 አግብቶ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የሆነው። 39 ከ91፣ ሒሳብ ወዳጅ ይቆጣጠረኝ፣ 43 በመቶ ነው።

ጥር 31 ቀን 1920 ቶሮንቶ ሴንት ፓትሪክስ ላይ 7 አገባ፣ 10 ለ 6 አሸነፉ። ከዚያ ወዲህ 6 ያገቡ አሉ፤ ዳሪል ሲትለር በ1976 በአንድ ምሽት 10 ነጥብ ሲሰበስብ እንኳ ጎሉ 6 ነበር። ሰባተኛውን ያገባ የለም። ማሎን ራሱ መጋቢት 10 ኦታዋ ላይ 6 ደገመ፣ 10 ለ 4። ከዓመቱ አራት ድሎች በሁለቱ 13 ጎል የእሱ ነው ማለት ነው።

በካናዲየንስ ከጎኑ ላሎንድና ፒትር፣ ከኋላው በረኛው ጆርጅ ቬዚና ነበሩ። በኩቤክ ይህ የለም። ተከላካዩ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ብቻ ነው። 2.20 ወደ 1.63 ወረደ ብላችሁ እንዳታሳንሱት።

የመሀል_አጥቂ

እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን በተቃራኒው አለ። የሚሸነፍ ቡድን ብዙ ጎል ሲገባበት ጨዋታው ክፍት ይሆናል፣ ተጋጣሚውም እየመራ ስለሆነ ተከላካዮቹ ይዝናናሉ። ከ39ኙ የተወሰኑት እንዲህ ባለ ሰዓት የገቡ መሆናቸው አይቀርም። የካናዲየንሱ 44 ዋጋ ያለው ቡድኑ ሲፎካከር ስለተቆጠረ ነው፤ የመጀመሪያውን ዙር አሸንፈዋል፣ ሁለተኛውን ቶሮንቶ ወስዶ በፍጻሜው በሁለት ጨዋታ ድምር 10 ለ 7 ተሸነፉ። እዚያ ማሎን ዝም ብሏል፣ 1 ጎል ብቻ።

ድሮ_ስፖርት

እናመሰግናለን፣ በጣም ብዙ ነገር ጠራ። ሁለት ትንንሽ ጥያቄ፦ 1918–19 ለምን 8 ጨዋታ ብቻ? መጨረሻ ላይስ ከ24 ጎል ወደ 1 እንዴት ይወረዳል? የጽሑፍ ስሕተት መስሎን ነበር።

ቆጣሪው

ስሕተት አይደለም። 1918–19፦ ማሎን ኩቤክ ከተማ ውስጥ ጥሩ ሥራ አግኝቶ ነበር። የሆኪ ደመወዝ በዚያ ዘመን ቤተሰብ የሚያስተዳድር አልነበረም፣ ሊጉም ነገ ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው አንድ ቡድን ፈርሶበታል። ስለዚህ በአብዛኛው ቡድኑ በሜዳው ሲጫወት ብቻ ነው የሚሰለፈው። ሲያትል ለስታንሊ ዋንጫ የሄዱት ውስጥም የለም። ያ ጉዞ ነው በኅዳር በሽታ የተቋረጠው፣ ተከላካዩ ጆ ሆልም እዚያው ሞተ።

መጨረሻውን በተመለከተ፦ በ1920 ኩቤክ ወደ ሀሚልተን ተዛወረ፣ ማሎንም አብሮ። ቡድኑ በየዓመቱ የመጨረሻ ነው የሚወጣው፣ እሱ ግን 28 እና 24 አገባ። በ1922–23 ወደ ካናዲየንስ ሲመለስ 32 ዓመቱ ነው፣ ላሎንድ ሄዷል፣ በምትኩ ኦሬል ጆሊያት መጥቷል። ማሎን ተቀያሪ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሀዊ ሞረንዝ ሲመጣ ነገሩ አለቀ። ተቀያሪው ጥቂት ደቂቃ በሚያገኝበት ዘመን 20 ጨዋታ ማለት 20 ጊዜ ተሰለፈ ማለት አይደለም። ሰንጠረዡ ላይ «ተቀያሪ» የሚል ማስታወሻ ካላስቀመጣችሁ አንባቢ ይሳሳታል።

ሒሳብ_ወዳጅ

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለሰንጠረዡ። የሕይወት ዘመን አማካይ ዝርዝር ስታወጡ ማሎን 143 ለ126፣ 1.13 ይመጣል፣ ከሁሉ በላይ። ይፋዊው ሪከርድ ግን ማይክ ቦሲ ነው፣ 0.762፤ ምክንያቱም ዝርዝሩ ቢያንስ 200 ጎል ይጠይቃል፣ ማሎን 143 ላይ ቀርቷል። ቅድመ ሁኔታውን ሳትጽፉ ሁለቱን በአንድ ገጽ ካወጣችሁ ገጹ ራሱን ይቃረናል። የአንድ ዓመቱ 2.20 ግን ይፋዊ ነው። በፍጥነት 100 ጎል የደረሰውም እሱ ነው፣ በ62 ጨዋታ።

ብርዳሙ_ከተማ

እሺ ተሸነፍኩ፣ ግማሹን 😄 በረኞቹን ወደ ፍርድ ቤት አላቀርብም። ግን የሪሻርን 50 ከ44 ጋር ማወዳደር አሁንም አይዋጥልኝም፤ ሪሻር 50 ጨዋታ ነበረው።

ወለተ_ሆኪ

@ብርዳሙ_ከተማ ይህንንማ ማሎንም የሚቃወም አይመስልም። የካቲት 25 ቀን 1945 ሪሻር 45ኛውን ሲያገባ ማሎን አዳራሹ ውስጥ ነበር፣ ፓኳን ለሪሻር ያስረከበውም እሱ ነው። 27 ዓመት ሙሉ የቆየ ሪከርድ ነው። ማሎን ለሆኪ የዝና አዳራሽ (ታላላቆቹ ለሚመዘገቡበት የክብር ቦታ) የተመረጠው በ1950 ነው፣ ያረፈው በግንቦት 1969።

ቆጣሪው

@ድሮ_ስፖርት ስለ ቀኖቹም ላስታውስ። እዚህ የጻፍናቸው ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር አትለውጧቸው። ያኔ የሆኪ ውድድር ዘመን ታኅሣሥ ተጀምሮ መጋቢት ያልቅ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ሙሉው በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሚወድቅ «1917–18» የሚለው «1910» ብቻ ይሆናል። አንባቢው ደግሞ 1910ን ሲያይ ከኤንኤችኤው 1910–11 ጋር ያምታታዋል። ሰንጠረዡ አናት ላይ አንድ ጊዜ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉና ጨርሱት።

ድሮ_ስፖርት

ደርሶናል። የነጥብ ዓምዱን አንስተናል፣ የሲድኒውን 9 ለብቻ መስመር ሰጥተነዋል፣ 1922–23 እና 1923–24 ላይ «ተቀያሪ» ተጽፏል። የቡድን ድርሻ በመቶ የሚል ዓምድም ጨምረናል፤ ለዴኔኒና ለላሎንድ ሌሎቹን ዓመታት ሒሳብ ወዳጅ ቢያግዙን።

ሒሳብ_ወዳጅ

እሺ። የላሎንድን ከ1919–20 እጀምራለሁ፤ በዚያ ዓመት ጥር 10 እሱም በአንድ ጨዋታ 6 አግብቷልና የማሎን 7 የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑ ሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ቢታይ ጥሩ ነው።